ንጉሡ የጎደለበት ገንዳ

ሟቹ በግንባሩ ተደፍቶ፣ ግራ እጁን ከሆዱ ሥር አጥፎ ተኝቷል። የተፈነከተው ማጅራቱ ላይ ደሙ ደርቆ ጠቁሯል። ከበላዩ፣ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር በያዘው የመስታወት ገንዳ ውስጥ፣ ክንድ ክንድ የሚያካክሉ ዓሦች አንድ ጥግ ላይ ተሰብስበው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ምግብ መጠየቃቸው ነው። የሚመግባቸው ሰውዬ ከትናንት ጀምሮ እዚያው ፊታቸው መዘርጋቱ ደንታም አልሰጣቸውም።

“አለቃ፣ ዓሣም ሞቷል እኮ” አለ ሳጅኑ።

እውነትም አንድ ቡራቡሬ ዓሣ አሸዋው ላይ በጎኑ ተጋድሟል፤ ቆዳው መበስበስ የጀመረ ይመስላል። ሳጅኑ ሊያየው ጎንበስ ሲል፣ ጣት የምታህል ትንሽ ዓሣ ሬሳውን ልትቀምስ ጠጋ አለች። ሬሳው አፉን ከፈተ። ትንሿ ዓሣ የለችም።

“እናቴ ድረሽ!” ሳጅኑ ወደ ኋላ ሲዘል የሟቹን እጅ ሊረግጥ ለጥቂት ተረፈ።

“ከዚህ ክፍል የሞተው አንድ ብቻ ነው” አልኩት። “እሱ ደግሞ እያስመሰለ አይደለም። ሥራህን ሥራ።”

ሃያ ዓመት ግድያ መርምሬያለሁ። ለሟች ማዘን ካቆምኩ ቆይቷል፤ ለተጠርጣሪ ማዘን ደግሞ ከነጭራሹ ጀምሬው አላውቅም። ይህን የምናገረው ለመኩራት ሳይሆን የሆነውን ስትሰሙ እንዳትገረሙ ነው።

ሟቹ ጡረታ የወጣ ፋርማሲስት ነበር፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ይኖራል። ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች “ሊቁ” ይሉታል። ከአፍሪካ ትላልቅ ሐይቆች የሚመጡትን ሲክሊድ የሚባሉ ዓሦች፣ በተለይም ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚበሉትን ግዙፎቹን፣ አንድ ጊዜ አይቶ ዘራቸውን የሚናገር እሱ ብቻ ነበር አሉ። ሬሳውን ያገኘችው መለዋወጫ ቁልፍ የያዘችው ጎረቤቱ ናት።

“ትናንት ከእኩለ ቀን በፊት ልጁ መጥቶ ነበር” አለችኝ ነጠላ ጫማዋን እያንሸራተተች። “ሹፌሩ ልጁ። ሲጮህ እኔ ቤት ድረስ ይሰማል። ሲወጣ ‘ዓሣህ ይብላህ!’ ብሎ በሩን በኃይል ዘግቶ፣ ባዶ እጁን በእግሩ ሄደ። አባት እንዲህ ይባላል?”

“ከዚያ በኋላስ ሰው መጣ?”

“እኔ ገበያ ወጣሁ። አላየሁም።”

የአስከሬን ሐኪሙ የሞተበትን ሰዓት ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ውስጥ አደረገው። ቁስሉ ውስጥ አሸዋና አረንጓዴ የውሃ ዝቃጭ ማግኘቱንም ነገረኝ። ያን ስሰማ እጅጌዬን ሰብስቤ እጄን ገንዳው ውስጥ ከተትኩ። ከድንጋዮቹ መካከል አንዱ ጫፉ የሾለ ነው፤ ሳገላብጠው ስንጥቁ ውስጥ ሁለት ሽበት ተሰክተው አገኘሁ። ገዳዩ ሰውዬውን መትቶ ድንጋዩን ውሃው ውስጥ መልሶታል። የመለሰውም እንደነበረ ነው፤ ዝቃጭ የለበሰው ፊቱ ወደ ላይ፣ ጀርባው መስታወቱ ላይ የተወው ምልክት ላይ ልክክ ብሎ።

ያኔ ቆም ብዬ ላስብ ይገባኝ ነበር። ሰው ገድሎ ለማምለጥ የሚጣደፍ ሰው፣ ድንጋይ በየትኛው ፊቱ እንደሚቀመጥ ምን ያስጨንቀዋል? እኔ ግን “ዓሣህ ይብላህ” የሚለው ጆሮዬ ላይ ቀርቶ ነበር።

ልጁን ሆስፒታል አገኘነው። የሕፃናት ክፍል ውስጥ፣ ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ሴት ልጁ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ ፀጉሯን እየጎነጎነ ነበር። አያያዙን አያውቅበትም፤ ጉንጉኑ ተንጋዷል። የልጅቷ ፊት አብጧል፣ ክንዷ ላይ የመርፌ ምልክት የሌለበት ቦታ የለም። አባቷን ፊቷ በካቴና አሰርኩት። በኮሪደሩ ልናስረው እንችል ነበር፤ ግን ሰው ፊት ማሰር ቅስም ይሰብራል፣ የተሰበረ ሰው ደግሞ ቶሎ ይናገራል። ሥራዬን እንዲህ ነበር የምሠራው።

“ሰኞ ጠዋት ኩላሊቴን ለልጄ እሰጣለሁ” አለኝ ጣቢያ ስንደርስ። የመጀመሪያው ቃሉ ይህ ነበር። አባቱ መሞቱን ስነግረው አፉን ያዘ፣ ትንሽ አለቀሰ፣ ከዚያ ተመልሶ እዚያው ላይ መጣ። “ዘመድ ሁሉ ተመርምሯል። እናቷ አልገጠመችም። የገጠምኩት እኔ ብቻ ነኝ። ቀኑ ከተላለፈ አትቆይም ብለውናል። እባክዎ፣ ሰኞን ብቻ።”

“ሰኞ ሩቅ ነው። ዛሬ ተናገርና ዛሬ ይለይልህ። አባትህ ቤት ለምን ሄድክ?”

“ከኦፕራሲዮኑ በፊት መጥቶ እንዲያያት ልለምነው። አንዴ እንኳ አላያትም፤ አልጋ ከያዘች ስምንት ወሯ ነው።”

“ምን አለህ?”

ሹፌሩ ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ። “ሴቷ ዓሣ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛለች አለኝ። እስኪፈለፈሉላት ሃያ ቀን ትጾማለች፣ ከደነገጠች ትተፋቸዋለች፣ ትቻት አልወጣም አለኝ። የልጄን ስም ስጠራለት ‘ቀስ ብለህ ተናገር፣ ትሰማሃለች’ አለኝ። ዓሣዋ ማለቱ ነው።”

“አንተስ?”

“ረገምኩት። ረግሜው ወጣሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት በእግሬ ዞርኩ። ልጄ ጋ እያለቀስኩ መግባት አልፈለግሁም።”

“ማን አየህ?”

“ማንም።”

ውሃ የማያነሳ ምክንያት ነው አልኩ በልቤ። ሁለተኛው የእስረኞች ክፍል እንዲገባ አዘዝኩ። እዚያ ያሉት ጎረምሶች አባቱን ገደለ የተባለ ሰው ሲገባባቸው ምን እንደሚያደርጉ አውቃለሁ፤ አውቄ ነው ያስገባሁት። ሳጅኑ ቀና ብሎ አየኝና አንገቱን ደፋ።

ዓርብ ጠዋት ስለ ዓሦቹ የሚነግረኝ ሰው ፈለግሁ። ሊቁ ሞባይል አይዝም፤ የቤት ስልኩን የጥሪ ዝርዝር ለማግኘት ደግሞ ሳምንት ይፈጃል አሉን።

“ጥርሴን የነቀለልኝ ሐኪም የዓሣ እብድ ነው” አለ ሳጅኑ ጉንጩን እየዳበሰ። “መንጋጋዬን ይዞ ስለ ዓሣ ሲያወራ፣ እኔ በሕመም ልሞት ነው፣ እሱ ዓሣ ከዓሣ ይድራል።”

የጥርስ ሐኪሙ ለስላሳ ድምፅ፣ ለስላሳ እጅ ያለው፣ ሃምሳውን ያለፈ ሰው ነው። ክሊኒኩ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል። የሊቁን ሞት ሰምቷል፤ ራሱን ነቀነቀ።

“አስተማሪዬ ነበሩ። ግን ተቀያይመን ለአራት ዓመት ደጃቸውን ረግጬ አላውቅም። የዓሣ ነገር ነው፤ እናንተ ትስቁብናላችሁ።”

“ረቡዕ ቀን የት ነበሩ?”

“እዚሁ። ረዳቴን ይጠይቋት።”

ረዳቱ መዝገቧን አሳየችን፤ ጠዋት አምስት ታካሚ፣ ከሰዓት ስድስት። ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ሐኪሙ ኋላ ክፍል ቆልፎ ይተኛል፣ የሚቀሰቅሰው የለም፣ የዘወትር ልማዱ ነው። ጻፍኩና ተውኩት። አባቱን የረገመ ልጅ በእጄ እያለ የሚተኛ ሐኪም ምን ያደርግልኛል?

ሐሙስ የተነሡትን የገንዳውን ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ፊቱ በራ።

“ይሄ ሬሳ መሳዩ ነው። ሞቶ ይተኛል፣ ሊበሉት የመጡትን ይበላል። ይሄ ጠፍጣፋው ዐይን ይነክሳል ይባላል፣ ሣር ውስጥ ቆሞ ሣር ይመስላል።” ሦስተኛውን ፎቶ አነሣ። ቀጭን፣ ረጅም፣ አመድ የመሰለ ዓሣ፣ ከማጅራቱ እስከ ጭራው ሰያፍ ጥቁር መስመር የወረደበት። “ይሄ ሰማያዊው አዳኝ። ወንድ ነው።” መነጽሩን እንኳ አላደረገም። “በጣም ብርቅ ነው። ማን እየመገባቸው ነው?”

“ሳጅኑ።”

“ብዙ እንዳይሰጣቸው። ከረሃብ ይልቅ የሚገድላቸው ጥጋብ ነው።”

ስንወጣ ሳጅኑ “ሊቁን ማን ገደላቸው ብሎ አልጠየቀም፣ ዓሦቹን ማን ይመግባቸዋል አለ” ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ከሰዓት በኋላ ሹፌሩን አስጠራሁት። ከንፈሩ ተተርትሯል። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ግራ ጎኑን በክንዱ ሸፍኖ ነው።

“አባቴን አልገደልኩም” አለ። “ለእነዚያ ጎረምሶች አንድ ነገር ብቻ ይንገሩልኝ። ጎኔን አይምቱኝ። ፊቴን ይምቱ፣ እግሬን ይምቱ፣ ጎኔን ብቻ ይተዉት።”

“ተናገር፣ እነግራቸዋለሁ።”

ዐይን ዐይኔን አየኝ። ምናልባት ያልሠራውን ሠርቻለሁ ማለት ያዋጣው እንደሆነ እያሰላ ነበር። ከዚያ “ካመንኩ ሰኞ አትለቁኝም” አለ። እውነቱን ነው። ወደ ክፍሉ መለስኩት።

ሚስቱ ጣቢያው በር ላይ ጠበቀችኝ። እጄን ይዛ ልትስመው ስትል ነጠቅኋት። “እህቴ፣ ልጄ ‘አባዬን ማን ወሰደው’ ትለኛለች። ምን ልበላት?” አለች። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ አለፍኳት።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሳጅኑ ከሟቹ ቤት ደወለ። “አለቃ፣ ይምጡ። ሰው ገብቷል።”

የበሩ ማኅተም አልተነካም፣ መስኮቱም ዝግ ነው። ሳጅኑ የምግብ ጣሳውን እንደ ታቀፈ ገንዳው ፊት ቆሟል። “ይኸው፣ ያ አመዳሙ ዓሣ የለም። ወስደው በሌላ ቀይረውታል።”

አመዳሙ በነበረበት ቦታ፣ ሰማያዊ የለበሰ ዓሣ ገንዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየሰነጠቀ ይዋኛል። ክንፎቹ ረዝመው ከኋላው ይጎተታሉ። የመጣበትን ሁሉ ያባርራል። ፎቶውን ከመስታወቱ ጎን ይዤ አየሁት፤ ያው ቁመት፣ ያው የጎደለ ቅርፊት ከግራ ዐይኑ በታች። ያው ዓሣ ነው።

“የሰጠሁት ምግብ ነው እንዴ?” አለ ሳጅኑ ጣሳውን እያገላበጠ።

የዓሣ ሻጯን አስጠራን። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ እጇ እስከ ክርኗ በውሃ የነጣ ሴትዮ ናት። ገንዳውን አንዴ አየችና ተንከተከተች።

“እህቴ፣ እነዚህ ባለጌዎች ናቸው። አንድ ገንዳ ውስጥ አንዱ ነው የሚነግሠው፤ ሰማያዊ የሚለብሰው እሱ ብቻ ነው። ሌላው ወንድ ሴት መስሎ፣ አመድ መስሎ አንገቱን ደፍቶ ይኖራል። ካማረበት ይገደላላ! ንጉሡ የጠፋ ዕለት ግን ያ ምስኪን በሁለት በሦስት ቀን ልብሱን ይቀይራል። ይሄው ቀየረ።”

“ስለዚህ ሌላ ትልቅ ወንድ ነበር?”

“መኖርስ ነበረ። አሁን የለም። እንዲህ ያለው ዓሣ በኪስ አይያዝም፤ ክንድ ተኩል ነው። ክዳን ያለው ሰፊ ባልዲ ይፈልጋል፣ መኪናም።”

ሹፌሩ ከዚያ ቤት የወጣው በእግሩ፣ ባዶ እጁን ነው፤ ጎረቤቷ አይታዋለች። ፎቶውን ሰጠኋት።

“እትዬ፣ ይሄን ዓሣ ከዚህ ፎቶ ምንነቱን ትለይዋለሽ?”

“በዚህ መልኩ?” ፎቶውን አራቀችው፣ አቀረበችው። “ሴት ሊሆን ይችላል። ያልጎረመሰ ሊሆን ይችላል። ይህ ሰያፍ መስመር ያለባቸው ሌሎች አራት አምስት ዘሮች አሉ፣ በሴትነታቸውና በልጅነታቸው አንድ ናቸው። ሊቁ ራሳቸው ከፎቶ አይፈርዱም ነበር፤ ‘ይጎርምስና አምጣው’ ነበር የሚሉት። ማነው ለየሁት ያለሽ?”

“የጥርስ ሐኪሙ። ወንድ ነው፣ ሰማያዊው አዳኝ ነው አለ።”

ሳቋ ጠፋ። ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

“እሱ ነበር በዚህ ከተማ ያን ዘር ያገኘው። አራት ዓመት ሆነው። አርባ የሚሆኑ ጫጩቶች አሳድጎ ሁላችንም በተሰበሰብንበት ለሊቁ አሳያቸው። ልጅ እንደ ዳረ ሰው ነበር ደስታው። ሊቁ በማጉያ መስታወት አዩዋቸውና ‘ድቅል ናቸው። ዘር ታበላሻለህ። ግደላቸው’ አሉት። ሰው ሁሉ ፊት። ሳቅንበት፣ እኔም ስቄያለሁ። እሱም የሊቁ ቃል አይታጠፍም ብሎ ክሊኒኩ ወስዶ በቅርንፉድ ዘይት ገደላቸው። ሦስቱን ብቻ ሊቁ ቀድመው ‘ለጥናት’ ብለው ከነሕይወታቸው ወስደው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሐኪሙ ከእኛ መሐል የውሃ ሽታ ሆነ።”

አለቃዬ ጋ ሄድኩ። ነገሩን ሰምቶ እስኪጨርስ ብዕሩን ይነካክሳል። “ዓሣ ሰማያዊ ሆነ ብለሽ ነፍሰ ገዳይ ልትፈቺ? የፍተሻ ፈቃድ አውጪ፣ ነገ ሐኪሙ ጋ ግቢ። እስከዚያ ሰውየው ባለበት ይቆይ።”

ባለበት ይቆይ ያለው እሱ ነው። ከሁለተኛው ክፍል ማውጣት ግን የእኔ ሥልጣን ነበር፤ አንድ ፊርማ ነው። ብዕሬን አንሥቼ ሁሉ ነበር። ከዚያ፣ ሐኪሙ ንጹሕ ሆኖ ቢገኝስ አልኩ፤ ሦስት ቀን የለፋሁበት ሰው ለስልሶልኝ፣ ሊናገር አፋፍ ላይ ደርሶ ሳለ ምቾት ልስጠው? ብዕሩን መልሼ አስቀመጥኩት።

እሑድ ጠዋት ፈቃዱን ይዘን ክሊኒኩ ገባን። ሐኪሙ የሚኖረው ከክሊኒኩ በላይ ነው፤ በፒጃማው ወረደ። የተቆለፈውን ኋላ ክፍል አስከፈትኩት። አልጋ የለም። ግድግዳውን የሞላ ገንዳ አለ፣ ውስጡም ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ነጠብጣብ የሆኑ ትልልቅ ዓሦች። ማሞቂያው ጥግ፣ ከማጣሪያው ቱቦ ኋላ፣ ከሁሉም የሚረዝም አንድ ዓሣ ተለጥፏል። ሰማያዊው ደብዝዞ አመድ ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ጭራው ተተልትሏል።

“የማን ነው?”

“የእኔ። ከጫጩትነቱ ነው ያሳደግሁት። አራት ዓመቱ ነው፣ ከዚህ ገንዳ ወጥቶ አያውቅም።”

“በክንድ ተኩሉ ከሁሉም ይበልጣል። ንጉሡ እሱ ነው?”

“አዎ።”

“ታዲያ በገዛ ቤቱ ማን ነው እንዲህ የሚቀጠቅጠው?”

አንድ ቢጫ ዓሣ መጥቶ ጎኑን ነከሰውና ሄደ። “አሞት ነው” አለ ሐኪሙ።

“አላመመውም። እንግዳ ነው። ከመጣ አራት ቀኑ ነው፣ ባለቤቶቹ ገና አልተቀበሉትም።”

“ያን በምን ያስረዳሉ?” አለ ሐኪሙ። ድምፁ አሁንም ለስላሳ ነው። ዐቃቤ ሕግም ይህንኑ እንደሚለኝ አወቅሁ። ዓሣ ቃል አይሰጥም።

“ሳጅን፣ የጽዳት ባልዲውን አምጣ” አልኩ። “ከቧንቧ ውሃ ሙላበት። ዓሣው ማስረጃ ስለሆነ ጣቢያ ይሄዳል።”

ሐኪሙ ፊቱ ተለወጠ። “በዚያ ባልዲ? አይችልም፣ አይገባም! የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፣ የሚተነፍስበትን ስንጥብ ያቃጥልበታል!”

“ያንተ ከሆነ ሲጣራ ይመለስልሃል” አልኩት። ከዚህ ወዲህ አንቱታው ቀረ።

ሳጅኑ በመረብ ሲያወጣው ዓሣው ውሃውን ክፍሉ ሁሉ ረጨው። ባልዲው ጠቦት ለሁለት ታጠፈ። አንዴ ተፈራገጠ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ አፉን ወደ ላይ አውጥቶ ከፈት ዘጋ ማድረግ ያዘ። ሐኪሙ በጉልበቱ ወድቆ ባልዲውን አቀፈ።

“መልሱት! ስለ ፈጣሪ መልሱት፣ እየሞተ ነው!”

“ተናገር፣ እንመልሰዋለን።”

“ገደልኩት! እኔ ገደልኩት! አሁን መልሱት!”

ሳጅኑ ትእዛዜን ሳይጠብቅ ዓሣውን ገንዳው ውስጥ ለቀቀው። ሐኪሙ እርጥቡ ወለል ላይ ተቀምጦ፣ ዐይኑን ከገንዳው ሳይነቅል ተናገረ።

“ረቡዕ ጠዋት ራሱ ደወለልኝ። በአራት ዓመት መጀመሪያው። ‘ና፣ የማሳይህ አለ’ አለኝ። በምሳ ሰዓት ሄድኩ። ሊታረቀኝ ነው ብዬ ነበር። ገንዳው ፊት አቆመኝና ይሄን አሳየኝ። ወንድሙንም፣ እንቁላል በአፏ የያዘችውን እኅቱንም። ሳያቸው አወቅኋቸው፤ በእጄ ነው ያሳደግኋቸው። ‘ድቅል አልነበሩም’ አለኝ። ‘ያን ጊዜም አውቅ ነበር። እንዲህ ያለ ዘር አንተ እጅ ምን ያደርጋል? አሁን ሴቷ ያዘችልኝ፣ ምስክር ፈለግሁ፤ ከእኔ ሌላ የሚያውቃቸው አንተ ብቻ ነህ።’ ይስቅ ነበር። እኔ እኮ እነዚያን አርባ ዓሦች አንድ በአንድ ነው የገደልኳቸው። እጄ ላይ እየሞቱ ነበር። ድንጋዩን መቼ እንዳነሣሁት አላውቅም። ስመልሰው ግን አስታውሳለሁ፤ እንደነበረ ካልሆነ ዓሦቹ ይደነግጣሉ።”

“ሌሎቹን ለምን ተውካቸው?”

“መኪናዬ ውስጥ አንድ ባልዲ ብቻ ነበር። እሷን ብነካት እንቁላሏን ትተፋለች።”

“ልጁ በአንተ ፋንታ መታሰሩን ታውቅ ነበር?”

“አውቅ ነበር” አለ። “አባቱ ለእሱም ምኑም አልነበረም።”

ልጅቷን አላነሣም። እኔም አላነሣሁበትም፤ የማንሣት መብት አልነበረኝም።

አስፈረምነው፣ ለአለቃዬ ደወልኩ፣ “ጀግና ነሽ” አለኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የሁለተኛውን ክፍል በር ራሴ ከፈትኩ። ሹፌሩ ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ቀጥ ብሎ ግን መቆም አልቻለም።

“ነጻ ነህ። ገዳዩ ተይዟል።”

ማን እንደሆነ አልጠየቀም። “ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?”

“እሑድ።”

ፈገግ አለ። የተተረተረው ከንፈሩ ደማ። “ደረስኩ” አለ።

ሽንት ቤት ልግባ ብሎ ገባ። ሲቆይብኝ በሩን ገፋ አደረግሁት። መቀመጫው ውስጥ ያለውን ሽንቱን ቁልቁል እያየ ቆሟል። ቀይ ነበር። በራሴ መኪና፣ የአደጋ መብራት አብርቼ፣ እንደ እብድ እየነዳሁ ሆስፒታል አደረስኩት። ግን ረፍዶ ነበር።

የኩላሊት ሐኪሟ ከምርመራ ክፍሉ ስትወጣ አመሻሽቶ ነበር። ሚስቱና እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆመናል።

“ግራው ተቀድዷል” አለች። “እዚያው ላይ ደጋግመው መትተውታል። ለልጅቷ የመረጥነው እሱን ነበር።”

“ቀኙስ?” አለች ሚስቱ።

“ቀኙን ከወሰድንበት እሱ ራሱ ይሞታል። እንዲህ ያለውን ደግሞ ማንም ሐኪም አያደርገውም።” ቀና ብላ አላየቻትም። “ሌላ የገጠመ ሰው እስኪገኝ እንሞክራለን።”

“የለም እኮ። ሁላችንንም መርምራችሁናል።”

በተከፈተው በር የሹፌሩ ድምፅ መጣ፤ ተኝቶ ነው የሚናገረው። “ዶክተር፣ የተቀደደውን ለእኔ ተዉልኝ። ሰው በአንድም ይኖራል ብላችሁኝ የለ? ጤነኛውን ስጧት፣ በተቀደደው እኖራለሁ። እፈርማለሁ።”

ሐኪሟ ከኪሷ ቅጽ አውጥታ ግድግዳው ላይ ደገፈችው። “ለፖሊስ የሚላክ ነው” አለችኝ። “ጉዳቱን ያደረሰው ማን ነው?”

ይህን ጥያቄ ሃያ ዓመት ሰው ስጠይቅበት ኖሬያለሁ። ጎረምሶቹን ልጠራላት እችል ነበር፤ ሦስት ናቸው፣ በቅጽል ስማቸው አውቃቸዋለሁ።

“እኔ ነኝ” አልኳት።

“በእጅዎ?”

“አይደለም። ግን እኔ ነኝ። እንዲያ ብለው ይጻፉ።”

ጻፈች። ሚስቱ ወደ እኔ ዞረች፤ ትመታኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፣ እንድትመታኝም ፈልጌ ነበር። አልመታችኝም። አልፋኝ ሄዳ ልጇን ከሕፃናት ክፍል በተሽከርካሪ ወንበር አመጣቻት። ልጅቷ አባቷን ስታይ ጮኸች፣ አልጋው ላይ አውጡኝ አለች፣ አወጧት። የተንጋደደው ጉንጉን እንዳለ ነው፤ አባዬ ነው የሠራው ብላ አላስፈታ ብላለች።

“አባዬ፣ ነገ ነው አይደል?” ስትል ሰማኋት። “ሲስተሯ ዛሬ እራት እንዳትበዪ ብላኛለች። ርቦኛል፣ ግን አልበላሁም።”

ሹፌሩ ፀጉሯን ዳበሰው።

“ብዪ፣ የኔ እናት” አላት። “የፈለግሽውን ብዪ።”